የጣት ቁመት ሠራዊትና የቅዳሜ ሰዎች

ሠራዊቱ ሲበተን የኔም ሠራዊት አብሮ ተበተነ። የኔው ግን ጫማውን አላወለቀም፣ መሣሪያውን አልጣለም፣ በእግሩ አገር አቋርጦ አልመጣም። ሰዎች መጡና በማዳበሪያ ከረጢት ከተቱት። አንዱ ከረጢቱን አንስቶ በእጁ መዘነና «የባትሪ እርሳስ ነው፣ ይቀልጣል» አለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ ሁሉ ወታደር አንዱ እንኳን ሰላምታ አልሰጠኝም። ሽኝቴ ይሄው ነበር።

አሁን አቃቂ ላይ የሱቅ ታፔላ እጽፋለሁ። ከድልድዩ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሥጋ ቤት ላይ በሬ ካያችሁና በሬው ወዛም ከሆነ የኔ ነው። እንዲያውም አንዱ ባለ ሥጋ ቤት፣ ሰው ታፔላውን አይቶ ሲገባ ሥጋው እያነሰበት ነው ብሎ በሬውን ትንሽ እንዳከሳለት ለምኖኛል። አከሳሁለት። ሙያ ማለት ማወፈር ብቻ አይደለም። ሰው ግን «ቀድሞ ምን ትሠራ ነበር?» ሲለኝ «ከጦሩ ጋር ነበርኩ» እላለሁ። «ስንት ሰው በእጅህ ነበር?» ካለኝ «ሁለት ክፍለ ጦር» እለዋለሁ። አልዋሸሁም። ወታደሮቹ ከአመልካች ጣቴ ሁለት አንጓ አይበልጡም ነበር እንጂ በእጄስ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃሊቲ በኩል አንድ የጦር ማሠልጠኛ ውስጥ አዳራሽ ነበር። አዳራሹ መሃል ጠርዝ ያለው ሰፊ ጠረጴዛ አለ፣ ላዩ አሸዋ ነው። አሸዋውን ተራራ ያደርጉታል፣ ሸለቆ ያደርጉታል፣ በሰማያዊ ክር ወንዝ ይዘረጉበታል። እዚያ ላይ ከእርሳስ የተሠሩ ትንንሽ ወታደሮች፣ ታንኮች፣ ካሚዮኖች ይደረደራሉ። መኮንኖቹ በረጅም ዱላ እየገፉ ይዋጋሉ፤ ማን መታ፣ ማን ሳተ የሚለውን ከሉዶ ጨዋታ በመጣ ዳይስ ይለያሉ። ለስሙ ትምህርት ነው። ሲጫወቱ ያያቸው ሰው ግን ትምህርት አይለውም። እነዚያን ወታደሮች ቀለም የምቀባው እኔ ነበርኩ። በአገሩ ሌላ እንዲህ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም፣ ስለዚህ በአገሩ አንደኛ ነበርኩ ማለት ነው።

እንዴት ገባህ ብትሉኝ በአፌ ነው። አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ አካፋና ዶማ አረንጓዴ እቀባ ነበር። ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ። አንድ ቀን ሻለቃ ዘነበ የሚባሉ ሰፊ ሰው፣ የዚያ አዳራሽ ኃላፊ፣ ላሜራ ሊያስቆርጡ መጡና «እዚህ ውስጥ ጥቃቅን ነገር የሚቀባ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። «አለ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ከበር ያነሰ ነገር ቀብቼ አላውቅም። ፎርማኑ በጎን አየኝ፣ እኔም በጎን አየሁት። ብዙም ሳይቆይ ተዛወርኩ። ደሞዙ ከፋብሪካው በጥቂት ይሻላል፣ ማመልከቻው ብዙ ቢሮ ዞሯል፤ ስለሱ ሌላ የሚወራ የለም።

ወርክሾፑ ከአዳራሹ ጀርባ ያለች ጠባብ ቤት ናት። እዚያ ነው ጋሽ ወርቁን ያገኘኋቸው። ጋሽ ወርቁ ዕድሜያቸውን በባቡር የጨረሱ ሰው ናቸው። የፉርጎ መንኮራኩር የሚዞርበትን ለስላሳ ብረት እያቀለጡ ሲያፈሱ ኖረው፣ ከባቡሩ ጡረታ ሲወጡ በንጉሡ ጊዜ ማሠልጠኛው ቀጠራቸው። እዚህ ደሞ የአሮጌ ባትሪ እርሳስ እያቀለጡ ወታደር ያፈሱ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። እኔ ወሬ ብቻ፣ እሳቸው ዝምታ ብቻ፤ ቤቷ በልክ ሞላች።

የመጀመሪያ ወታደሬን ቀብቼ ሰጠኋቸው። መስኮቱ ደፍ ላይ አቆሙት፣ እስከ በሩ ድረስ ሄዱ፣ ቁጭ አሉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩት።

«ማነው?» አሉኝ።

«ወታደር ነው ጋሼ።»

«ወታደር መሆኑንማ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ማነው ነው የምልህ።»

ተነሡ፣ ወታደሩን በሁለት ጣት ያዙና አኳራጅ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱት። አኳራጅ ቀለም የምናቀጥንበት፣ የምናስለቅቅበትም ነው። በዚያ ሰሞን የቀባሁት ሁሉ አኳራጅ ጠጣ። እኔ ደሞ ቤቴ ሄጄ ለጎረቤት «ሥራው ቀላል ነው» እል ነበር።

በኋላ ቀስ በቀስ እጃቸውን ማየት ጀመርኩ፤ በአፍ አያስተምሩም። ወታደሩ ከቅርጹ ሲወጣ በቅርጹ ዱቄት ተሸፍኖ ነው የሚወጣው፤ እሳቸው እንደ ሕፃን በሳሙና ያጥቡታል፣ ያለዚያ ቀለሙ በሳምንቱ ይላጣል። ከዚያ የዝገት መከላከያውን ቀይ ቡናማ በስሱ ይቀቡታል። ቀጥሎ ያለው ቀለም ወተት እስኪመስል ይቀጥናል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደራረባል እንጂ አንዴ አይለጠፍም። ለልብስ እጥፋት ጠቆር ያለ ቀጭን ቀለም ያፈሱበታል፤ ቀለሙ ራሱ ጎድጓዳውን ፈልጎ ይገባል። ፊት ሲቀቡ ትንፋሽ አይወስዱም። ብሩሻቸውን ራሳቸው ነው የሚሠሩት፣ ከበሬ ጆሮ ውስጥ ከሚወጣ ጸጉር። ሥጋ ቤት እየሄዱ ጆሮ ይለምናሉ። ባለ ሥጋ ቤቱ ለምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው «ወታደር ልቀባበት ነው» ይላሉ፤ ሰውየው የታመሙ መስሎት ጨምሮ ይሰጣቸዋል።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ደጋግመው የሚጠይቁኝ። «ፀሐይህ የት ነው?»

«ውጭ ነው ጋሼ።»

«የውጪውን ማን ጠየቀህ።»

ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ካልወሰንክ ትከሻው አይታይም፣ ቆቡ ጥላ አይጥልም፣ ሰውየው ሰው አይመስልም። ይሄ እስኪገባኝ ድረስ በጋው ወጣ።

አሁን ወደ ቅዳሜ ሰዎች ልግባ። ቅዳሜ ሥራው ግማሽ ቀን ነው። ሌላው ወደ ቤቱ ሲሮጥ ሦስት ሰው ወደ አሸዋው ይመጣ ነበር። አንዱ ሻለቃ ዘነበ ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛው መቶ አለቃ ሙሉጌታ፤ ጢሙ በደንብ ያልበቀለ ወጣት ነው፣ አሸዋው ላይ ግን አለቃውንም አይምር። ሦስተኛው የማሠልጠኛው የካሚዮን ሹፌር ሰዒድ ነው። ወሎዬ፣ ጨዋታ አዋቂ። ወታደር አይደለም፣ ጨዋታውን ወዶ ነው የሚመጣው፤ ሁልጊዜ ደሞ ጠላት ሆኖ ነው የሚጫወተው። ለምን ሲሉት «ወገን ሆኖ የተሸነፈ ግለሂስ ያደርጋል። ጠላት ሆኜ ብሸነፍ ማን ይጠይቀኛል» ይላል። ጋሽ ወርቁ ደሞ በሩ አጠገብ ባዶ የጥይት ሳጥን ላይ ይቀመጣሉ።

የቅዳሜ ሰዎች አንድ ደንብ ነበራቸው። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት በሳምንቱ ከቀባሁት አንዱን አንስተው ጠረጴዛው ዳር ያቆሙታል፤ እያንዳንዱ አንድ ጉድለት ይናገራል። ጉድለት ያላገኘ አይጫወትም። በዚያ ዘመን በየስብሰባው ሂስ፣ ግለሂስ ይባል ነበር፤ ሁሉም እጁን እያወጣ የማይጎዳውን ይናገራል። እውነተኛ ሂስ የት አየህ ብትሉኝ ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

«ይሄ ሰውዬ የያዘው መትረየስ ነው ጃንጥላ?» ይላል ሙሉጌታ።

«ዝናብ ስላለ ነው መቶ አለቃ።»

«ታዲያ ካፖርቱ ለምን አልረጠበም?»

ሻለቃ ዘነበ አሥሩን ወታደር አሰልፈው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። «ታደለ፣ እነዚህን ሁሉ አንዲት እናት ናት የወለደቻቸው?»

«ቅርጹ አንድ ነው ሻለቃ፣ እኔ ምን ላድርግ።»

«የኔም ወታደሮች ልብሳቸው አንድ ነው። ከኋላ ሳያቸው ግን እለያቸዋለሁ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አንዱን አጠይመዋለሁ፣ አንዱን አቀላዋለሁ፣ የአንዱን ቆብ አዘምማለሁ፣ ለአንዱ ጉልበቱ ላይ ጭቃ እለጥፋለሁ። ዓይን ደሞ በነጭና በጥቁር እያሳመርኩ እቀባ ነበር፣ እንደዚያ ጥቃቅን ዓይን የሚቀባ እጅ የለም ብዬም እኮራ ነበር። ሙሉጌታ አንዴ አየና «ሁሉም ባትሪ የበራባቸው ሌቦች ይመስላሉ» አለ። አኩርፌ ወጣሁ። ሰኞ ስመለስ ግን ከበሩ አጠገብ ቆሜ አየኋቸው፤ እውነትም ሌቦች ናቸው። የዚህን ያህል ትንሽ ሰው ዓይን አይቀባም። ከቅንድቡ ሥር ጥላ ትጥልበታለህ፣ የሚያይህ ሰው ዓይኑን ራሱ ይጨርስለታል።

ሰዒድ ዓይኑ መኪና ላይ ነው። አንድ ቀን ካሚዮን አነሣና ጎማውን በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። «ታዴ፣ ይሄ ሙሽራ ነው? ከጋራዥ ወጥቶ የማያውቅ መኪና ለጦርነት ትልካለህ?»

«አቧራ ልንፋበት?»

«የየት አገር አቧራ?»

አላውቅም አልኩት። በሚቀጥለው ጉዞው በክብሪት ሳጥን አፈር ይዞልኝ መጣ። የኦጋዴን ቀይ ነው። ከዚያ የኮምቦልቻ መጣ፣ ከዚያ ከመቀሌ በላይ ያለው፣ እንደ ዱቄት የነጣው። ሌሎቹም ሹፌሮች ለመዱትና ከሄዱበት ሁሉ በክብሪት ሳጥን አፈር ያመጡልኝ ጀመር። መደርደሪያዬ ላይ አገሩ ሁሉ ተሰለፈ። ብሩሹን ጠርጌ ጠርጌ ደረቅ ሊል ሲል በአፈሩ ቀለም ከላይ ከላይ ማሸት የሚባለውን ጥበብ ደሞ ራሴ ነኝ ያገኘሁት። ብሩሽ ልጠርግ ብዬ የተበላሸ ታንክ ላይ ሳሸው ታንኩ ከመንገድ የመጣ መሰለ። ጋሽ ወርቁ አንስተው በር ድረስ ወሰዱት፣ ቆዩ፣ መለሱት፣ አኳራጅ ውስጥ አልከተቱትም። የዚያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት በእግሬ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ቤት ስል አቃቂ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ማለቴ ነው። ትዳር አንዴ ሞክሬ ነበር። ሚስቴ የአኳራጅ ሽታ እንጂ የባል ሽታ የለህም ብላ ናዝሬት ወንድሟ ጋ ሄደች፤ ሳስበው አልተሳሳተችም። እሁድ ከማንም ጋር አላወራም ነበር። ሰኞ ከጋሽ ወርቁ ጋር አወራለሁ፣ ማለትም እኔ አወራለሁ። ሳምንቱ ለኔ ወደ ቅዳሜ የሚወስድ መንገድ ነበር። ሦስት ሰው አንዲት ጣት የምታህል ሥራዬን ከበው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ይሄ ልክ አይደለም ሲሉኝ፣ ከዚያ በላይ ሰው ምን ይፈልጋል? እኔ ሌላ ነገር አልፈለግኩም።

ታዲያ ከዓመታት በኋላ ትልቅ ቀን መጣ። አሜሪካኖቹ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ሩሲያኖቹ በአማካሪነት ገብተዋል። አንድ ትልቅ ጓድ ከላይ መጥተው ልምምዱን ያያሉ ተባለ። አዲስ ሠራዊት ሙሉውን ሥሩ ተባልን። ጋሽ ወርቁ አፈሰሱ፣ እኔ ቀባሁ። ከወታደሩ እግር ሥር ያለችው ክብ መቆሚያ ዙሪያዋን ትቀባለች፣ ወገንና ጠላት የሚለየው በሷ ነው። ወገን ሰማያዊ፣ ጠላት ቀይ። ጋሽ ወርቁ ያስተማሩኝ እንዲያ ነው፣ እሳቸውንም ከአሜሪካኖቹ ጋር የነበሩ መኮንኖች ያስተማሯቸው እንዲያ ነው። አሁን ደንቡ እንደተገለበጠ፣ በሩሲያኖቹ ዘንድ ወገን ቀይ፣ ጠላት ሰማያዊ እንደሆነ ወደ ወርክሾፑ መጥቶ የነገረን የለም።

የቅዳሜ ሰዎች አዲሱን ሠራዊት ከትልቁ ቀን በፊት አዩት። ሙሉጌታ የአንዱን ቀበቶ ላላ ብሏል አለ። ሰዒድ የታንኩ ሰንሰለት ላይ ጭቃው ከውጭ በኩል ብቻ ነው አለ። ሻለቃ ዘነበ የአዛዡ ፊት ከወታደሮቹ የበለጠ ጠግቧል አሉ፣ እሱንስ ተወው፣ እውነት ነው አሉ። ዓይናቸው እሳት ነው የሦስቱም። ቀይዋን ግን አንዱም አላያትም። ዕድሜ ልካቸውን ጠላትን ቀይ አድርገው ሲገፉ ኖረው እንዴት ትታያቸው?

በዚያን ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔ ግድግዳው ሥር ነኝ፣ ጋሽ ወርቁ በሩ ጋ ሳጥናቸው ላይ። ሙሉጌታ ዱላ ይዞ እየገፋ ጮክ ብሎ ይናገራል።

«ቀዩ በቀኝ ክንፍ ተከቧል። ቀዩ እያፈገፈገ ነው። ቀዩ ሙሉ በሙሉ ተደምስሷል።»

በዚያች ሰዓት እኔ የማስበው ቀዩ እንዴት እንደሚያምር ነበር፤ ሦስቴ በስሱ የተደራረበ፣ ከሥሩ ቡናማ ያለበት ቀይ። አንዱ አማካሪ ወደ አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አለው። አስተርጓሚው ወደ ጓዱ ጎንበስ አለ።

«ጓድ መቶ አለቃ» አሉ ጓዱ፣ «የተደመሰሰው ማነው?»

«ጠላት ነው ጓድ።»

«ጠላት ምን ዓይነት ቀለም ነው ያለው?»

ሙሉጌታ ጠረጴዛውን ገና ዛሬ እንዳየው ሰው አየው። እኔ ቀና አልኩ። ከጠረጴዛው በላይ ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ ቀይ ጨርቅ አለ፣ መፈክሩን በነጭ የጻፍኩበት ራሴ ነኝ። ያኔ ነው የገባኝ።

«ይሄን ቀለም የመረጠው ማነው?»

ዕድሜዬን ሙሉ አፌ ተዘግቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ምላሴ እንደ ደረቀ ብሩሽ ሆነብኝ። ከበሩ በኩል «እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ጋሽ ወርቁ ቆመዋል። «ድሮም እንዲህ ነው የምንቀባው።»

በዚያ ዘመን፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ «ድሮም» የሚባል ቃል አይወጣም።

«የቀባሁት እኔ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉኝ ጓዱ፣ ዞር ብለው እንኳን ሳያዩኝ።

ሁለት ሰዎች መጡ። ጋሽ ወርቁ ሽርጣቸውን ፈቱ፣ አራት አጥፈው ሳጥኑ ላይ አስቀመጡና አብረዋቸው ወጡ።

የት እንደወሰዷቸው የነገረን የለም። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ስንቅ ይዘው ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ሲዞሩ ከረሙ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንደኛው በር ስንቁን ተቀበላቸው። በሕይወት እንዳሉ ያወቅነው በዚያ ነው። ሻለቃ ዘነበ ሽማግሌው የሠሩት በድሮው ደንብ እንጂ በክፋት አይደለም ብለው ለማስረዳት ሞከሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሰሜን ተመደቡ። ሙሉጌታ ተከተላቸው።

እኔ ተቀምጬ ቀዩን ሁሉ ሰማያዊ፣ ሰማያዊውን ሁሉ ቀይ አደረግሁ። ሁለት ክፍለ ጦር ዜግነት ቀየረ፣ አንድም ተኩስ አልተሰማም። ለብቻዬ ሆኜ ይሄን ቀልድ አወራሁት። ቤቷ ውስጥ የሚሰማ አልነበረም። እርሳሱንም ራሴ ማፍሰስ ተማርኩ።

አዳዲስ መኮንኖች መጡ፤ ትምህርቱን ተምረው በሰዓታቸው ይወጣሉ፣ ቅዳሜ የሚቀር የለም። አማካሪዎቹን እየጠበቅሁ አንዳንድ ሥራ አሳያቸው ነበር። «ኻራሾ» ይሉኛል፤ በቋንቋቸው ጥሩ ነው ማለት ነው። ጭንቅላቱን የረሳሁትን ወታደር ባሳያቸው ኻራሾ ነው የሚሉኝ። ሰዒድ ብቻ አልፎ አልፎ ብቅ ይል ነበር። አንዴ ከሰሜን ሲመለስ «ሙሉጌታ ሰላም ብሎሃል» አለኝ። «እዚያ ያለው ወታደር አንተ ከምትቀባው ይልቅ አቧራ የለበሰ ነው፣ በአቧራ ትሰስታለህ ብሏል።» ሳቅሁ። በማግሥቱ ያለኝን ወታደር ሁሉ አቧራ ጨመርኩበት። ከዚያ በኋላ ከሙሉጌታ ምንም አልመጣም። ከዚያ ሰዒድም ስንቅ ጭኖ ወጣና ከካሚዮኑ ጋር ቀረ። በክብሪት ሳጥን አፈር የሚያመጣልኝ ሰው ጠፋ።

ጋሽ ወርቁ የተፈቱት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከዓመት በላይ ቆይተዋል። ወደ ሥራ አልመለሷቸውም። ቤታቸው እዚያው አቃቂ ሐዲዱ ዳር ስለነበረ ቅዳሜ ሲመጣ ምሳዬን በልቼ ወደሳቸው መሄድ ጀመርኩ። ከስተዋል፣ ጥርሳቸው ጎድሏል፣ ሌላው ያው ነው። ስላሳለፉት ነገር አልተናገሩም፣ እኔም አልጠየቅሁም። የመጀመሪያ ቀን ከኪሴ አንድ ወታደር አወጣሁ። በዚያ ዓመት ውስጥ ከሠራሁት ሁሉ የተሻለው ነው፣ ራዲዮ የተሸከመ፣ ከፀሐይ ፊቱን ያዞረ።

ያዙት። በር ድረስ አልሄዱም። አንድ ዓይናቸውን አልጨፈኑም።

«ጥሩ ነው» አሉ።

ደስ ይለኛል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። ግን አባባላቸው ልክ እንደ አማካሪዎቹ ነበር፤ ወታደሩን ሳይሆን በሩን እያዩ ነው ያሉት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ አመጣሁ። ጥሩ ነው። ሦስተኛም አመጣሁ። ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥህ።

ከዚያ ወዲህ አውቄ ማበላሸት ጀመርኩ። ጠመንጃውን ገልብጬ ሰጠኋቸው። ጥሩ ነው አሉ። የአንዱን ጥላ ፀሐይ ባለበት በኩል አደረግኩት። ጥሩ ነው። አንዱን ፊቱን አረንጓዴ ቀባሁት፣ እንደ አካፋ። ያዙት፣ በአውራ ጣታቸው ትከሻውን ዳሰስ አደረጉና «ጥሩ ነው ታደለ» አሉኝ። ሰው እንዲያመሰግነኝ ብዙ ሰው ፊት ተንደርድሬያለሁ፣ አልደብቅም። በዚያን ጊዜ ግን የምፈልገው አንዲት ስህተት እንዲያገኙብኝ ብቻ ነበር። አንዲት። ከዚያ ሌላ ማን ቀርቶኛል?

እትዬ ዘውዴ ሲሸኙኝ በሩ ላይ አቆሙኝ። «ያንተ ሥራ ብቻ መስሎህ ነው?» አሉኝ። «ወጡ ጨው የለውም፣ ጥሩ ነው ይላል። ጣራው ራሱ ላይ ሲያፈስ ጥሩ ነው አለ። ሰው አንድ ነገር ቢጠይቀው ጥሩ ነው ብሎ መልሶ በሩን ነው የሚያየው።»

«ቢሰድቡኝ ይሻላል እትዬ።»

«እኔንም ቢሰድበኝ ይሻላል» አሉ እሳቸው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

ሦስት ዓመት ያህል እንዲህ ሄድን። መሄዴን አላቆምኩም። እኔ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ አወራላቸዋለሁ፣ የሌለውን እጨምርበታለሁ፣ እሳቸው ጥሩ ነው ይላሉ። ወታደር ማምጣት ግን ተውኩ።

ከዚያ ትንሿ ልጃቸው ልታገባ ሆነ። ሽማግሌ ተልኳል፣ ቀን ተቆርጧል። እትዬ ዘውዴ ግድግዳው ያሳፍራል አሉ። «እኔ እያለሁ ቀለም ቀቢ ሊጠራ?» አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት መሰላልና ቆርቆሮ ይዤ መጣሁ። ከወገብ በታች የዘይት ቀለም፣ ከወገብ በላይ ኖራ። ጋሽ ወርቁ ዱካቸውን ይዘው ክፍሉ መሃል ተቀመጡ። ሳሎኗ ጠባብ ናት፣ ለኔ ከታንክ ሆድ አትበልጥም፣ ስለዚህ እየዘፈንኩ ሠራሁት። ስለ ሙሽራው ቁመት ቀለድኩ፣ ስለ ሙሽራው አጎት ኮፍያ ቀለድኩ። ማንም አልሳቀም። ከሰዓት ላይ ጨርሼ ብሩሼን መጠራረግ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር በልጅነቴ ከቀባሁት በር የተሻለ አልነበረም። እጄ ከትልቅ ነገር ተለያይቷል።

«ጨረስኩ ጋሼ» አልኩ፣ መልሱን እያወቅሁ።

ግድግዳውን ያያሉ። ቆይተው ክንዳቸውን አነሡ።

«እዚያ ጥግ ላይ ጸጉር ቀርቷል።»

እትዬ ዘውዴ ከጓዳ ብቅ አሉና በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ያልሰማሁ መሰልኩ።

«የት ጋ ጋሼ?»

«ከጣራው ሥር። የብሩሽ ጸጉር። ቸኩለሃል።»

መሰላሉን አስጠግቼ ወጣሁ። እውነትም አንዲት ጸጉር ቀለሙ ውስጥ ደርቃለች፣ ከምኔው አዩዋት? በጥፍሬ አወጣኋት፣ ደግሜ ቀባሁት።

«አሁንስ?»

«ከላዩ ወፍሯል። አቅጥነው።»

አቀጠንኩት፣ ቀባሁት።

«አሁንስ?»

«ይሄኛው ጥግ ደሞ ከዚያኛው ነጣ። መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ አላየህም?»

«አላየሁም።»

«ምን ስታይ ዋልክ ታዲያ? ስታወራ ነው የዋልከው። ውረድና ይሄን በኩል እንደገና ጀምረው።»

ወረድኩ፣ መሰላሉን አዞርኩ፣ መልሼ ወጣሁ። እትዬ ዘውዴ ከበሩ አልተነቃነቁም፤ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘዋል። ጋሽ ወርቁ ዱካቸውን እየጎተቱ ተከተሉኝ። ከመስኮቱ በላይ፣ ከበሩ ጎን፣ ከዕቃ መደርደሪያው ኋላ፣ የዘይቱ ቀለምና ኖራው የሚገናኙበት መስመር፤ ሁሉም ጎድሎ ተገኘ። ክንዴ ዝሏል፣ ኖራው ዓይኔ ውስጥ ገብቷል፣ ዓይኔን ስጠራርግ በኖራው አሳበብኩ። ፀሐይ ከሐዲዱ ማዶ እስክትገባ ድረስ ከመሰላሉ አላወረዱኝም።